አባ ጭልፋ እንግዳ የሆነበት ቀን

መርሳ ከተማ ላይ ይርጋ ብሎ የጠየቀ መንገደኛ «የትኛው ይርጋ?» ተብሎ ይመለሳል። አባ ጭልፋ ያለ እንደሆነ ግን ባለባጃጁም ማንጎ ሻጯም እኩል እጃቸውን ወደ አስፋልቱ ዳር ይቀስራሉ። ቤቱ ከራሱ ጎሚስታ ጀርባ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የይርጋ እጅ የሚገኘው ከአይሱዙ ጎማ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከወጥ ድስት ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ሥራ እጁን በኦሞ መፈተግ ሲሆን፣ ፈትጎ የሚያቆመው ባለቤቱ ገነት አይታ «ይበቃል» ስትለው ነው። ገነት ቶሎ ይበቃል የምትል ሴት አይደለችም።

ይርጋ ወጥ አሳላፊ ነው። ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ መርሳ ላይ ዳስ ከተጣለ ጭልፋ የሚጨብጠው እሱ ነው። ለማያውቀው ሰው ሥራው ቀላል ይመስላል፤ መጨለፍ ማን ያቅተዋል? ይርጋ ግን አስቀድሞ ድስቱን ያያል፣ ሰዉን ያያል፣ ገና ከግራና ከተማ በኩል መኪና ላይ ያለውን ዘመድ ይገምታል፤ ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያው እንግዳ ስንት ቁራጭ ሥጋ እንደሚወጣ በልቡ ይቆርጣል። እዚያ ላይ ከተሳሳተ ኋላ ለሚገባው ሰው መረቅ ብቻ ይደርሰዋል፤ የሚያፍረውም ባለድግሱ ነው። «የደጋሽ ገመና በአሳላፊ እጅ ነው» ይላል ይርጋ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የማንንም ገመና አውጥቶ አያውቅም። በጦርነቱ ሰሞን የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ እንኳ ሰፈርተኛው «ይርጋ ይስፈርልን» አለ እንጂ ሌላ ሰው አልጠራም።

እዚህ አገር ድግስ ማለት ሁለት ቢላና ሁለት ድስት ማለት ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን ይበላል። የሙስሊሞቹን ድስት የሚይዘው ሙጃሂድ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች በአንድ ዳስ ጎን ለጎን ሲያሳልፉ፣ የማን ወጥ ቀደም ብሎ አለቀ እያሉ ሲነታረኩ አርጅተዋል።

ይርጋ አንድ የማይጥሰው ሕግ አለው። አሳላፊ የሚበላው የመጨረሻው እንግዳ እጁን ከታጠበ በኋላ ነው። ሥራውን በጀመረበት ዓመት ርቦት አንዲት ቁራጭ ሥጋ ከድስቱ አውጥቶ ጎረሰ። ትንሽ ቆይተው ከውርጌሳ አንዲት አሮጊት መጡና የደረሳቸው መረቅ ብቻ ሆነ። ሴትዮዋ መረቁን በልተው፣ መርቀውት ሄዱ። እሱ ያችን ምርቃት እስከ ዛሬ አልዋጣትም።

እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ናት «ሠርጌ ሆቴል ይሁንልኝ» ያለችው።

ፌቨን ወልዲያ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እጮኛዋ ሲራክ እዚያው መምህር ነው፤ ሠርጉም ለግንቦት ተቆርጧል። ይርጋ ዳሱ የሚጣልበትን ሜዳ ገና በጾሙ አስጠርጎ፣ ድንጋዩን ሁሉ አስለቅሞ ነበር። ልጅቱ ግን ወልዲያ ውስጥ አንድ ሆቴል እንዳለ፣ እሑድ እሑድ ቡፌ እንደሚያዘጋጅ፣ ሠርግም እንደሚቀበል ነገረችው።

«ማነው የሚያሳልፈው?» አለ ይርጋ።

«ማንም። ሰው ራሱ እያነሳ ይበላል። እስኪጠግብ፣ የፈለገውን ያህል።»

ይርጋ ተነሥቶ ወደ ጎማው ሄደ። ቡፌው አይደለም የከፋው። ልጄ አፈረችብኝ ብሎ ነው። ነጭ ጋዋን የምትለብስ፣ ከተማ የለመደች ልጅ በሠርጓ ቀን አባቷ ሽርጥ አሸርጦ፣ እስከ ክንዱ ወጥ ተለውሶ በባልደረቦቿና በአማቶቿ ፊት እንዲታይ አልፈለገችም። ነገሩ ይኸው ነው ብሎ ደመደመ። አልጠየቃትም፤ መልሱን ፈርቶት ነበር።

ነገሩን የቆረጠችው ገነት ናት። «ልጅቱ ለሆቴሉ ሰኞ መልስ ትሰጣለች። ያለ አንተ ፈቃድ አላደርገውም ብላለች። ሂድና እይ፤ ከፈለግህ በልተህ እምቢ በል» አለችውና የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት የክት ኮቱን አልብሳ ወደ ወልዲያ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችው።

ፌቨን መናኸሪያ ተቀብላ ሆቴሉ አስገባችው። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ከግድግዳው ጋር ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ በላዩ ክዳናቸው የሚያብለጨልጭ ትላልቅ ሰሃኖች፣ ከሥራቸው ትንንሽ እሳት ተለኩሶ ተደርድረዋል። ይርጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመደ በዓይኑ ለካቸው። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስ፣ ጎመን በሥጋ፣ ሩዝ፣ ማካሮኒ። የዶሮ ወጡ ቀለም ደስ አለው፤ ሽንኩርቱ በደንብ በስሏል።

«ለስንት ሰው ነው?» አላት።

«አይታወቅም። የመጣው ሁሉ ይበላል።»

ይህ አልገባውም። ሰው ሳይገመት የተሠራ ወጥ አይቶም ሰምቶም አያውቅ። ራሄል የምትባል አስተናጋጅ ሰሃን ይዛ መጥታ «አባባ፣ የፈለጉትን ያንሱ፤ ካነሰዎት ደግመው ይምጡ» አለችው። ይርጋ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብሎ ሰሃኑን ተቀበላትና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«አትነሳም አባዬ?» አለች ፌቨን።

«ሰው ይግባ።»

«ገብቷል እኮ።»

«ያልገባም አለ» ብሎ በአገጩ በሩን አሳያት።

እውነቱን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ልብሱን የቀየረው፣ ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈው፣ ለስብሰባ መጥቶ ያደረው፣ ሁሉም በየተራው ይገባል። አንዱ ጠግቦ ሲነሳ ሌላው በር ላይ ነው። ይርጋ የመጨረሻውን እንግዳ ይጠብቃል፤ ቡፌ ደግሞ የመጨረሻ እንግዳ የሚባል ነገር የለውም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተቀምጠው ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። ፌቨን አባቷ ሳይበላ አትበላም፤ ሆዷ ግን ይህን ጨዋነት አልተማረምና ጮኸ። ሳል አስመስላ ለስላሳ አዘዘች።

አንድ ጎረምሳ ማካሮኒውን ከሥር አንጥፎ፣ ጥብሱን ከላይ ቆልሎ፣ ሁለት የዶሮ ብልት ጫፉ ላይ አስቀምጦ ቀስ እያለ አለፈ።

«ይኼ ልጅ ጎጆ ሊወጣ ነው?» አለ ይርጋ።

ፌቨን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ላይ መሳቃቸው ነበርና እሱም ልቡ ለቀቅ አለለት።

ከአጠገባቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ ተቀምጠዋል። በጋቢያቸውና በአነጋገራቸው ከሐራ በኩል የመጡ ይመስላሉ። ያመጣቸው ልጃቸው ስልክ ሊያወራ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። ሁለቱም ባዶ ሰሃን ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ራሄል ሁለት ጊዜ «ተነሥተው ያንሱ» ብላቸዋለች፤ ሁለት ጊዜም «እሺ፣ እሺ» ብለዋል፤ አልተነሡም። ይርጋ ነገራቸው ገባው። ሰዎቹ ባለቤቱ መጥቶ ብሉ እስኪላቸው እየጠበቁ ነው። ሳይለመን የሚበላ እንግዳ ስለ ሆዱ የመጣ ይመስላል፤ እነዚህ ደግሞ ይህን ስም በስተርጅና ሊያወጡ አይፈልጉም።

«መጣሁ» አላት ልጁን።

ሁለቱን ሰሃኖች አንሥቶ ሄደ። ጭልፋውን ሲጨብጥ ከጠዋት ጀምሮ በኮቱ ውስጥ የተጨነቀው ትከሻው ተፈታ። ለባልየው ብልትና እንቁላል፣ ለሚስትየው ጥርሳቸውን አይቶ ለስለስ ያለውን፣ ከጎኑ ጎመን፣ መረቅ በልኩ አድርጎ አመጣላቸው።

«ብሉ እንጂ! አፈር ስሆን፣ ሳይቀዘቅዝ!»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «አንቱ የቤቱ ጌታ ነዎት?»

«የለም አባቴ፣ እንግዳ ነኝ።»

«እንግዳ ሆነው እንዲህ ካበሉ፣ ቤትዎማ ምን ሊሆን ነው!» አሉና አማትበው ቆረሱ። ሚስታቸውም ተከተሉ።

ይርጋ ጭልፋውን ሊመልስ ሄደ። ሲመልስ አንድ ከረባት ያሰሩ ሰው ሰሃናቸውን ዘረጉና «እስቲ መረቅ ጨምርልኝ» አሉት። ጨመረላቸው። ከኋላቸው ያለችው ሴትም ዘረጋች። ሰሃን ተዘርግቶበት እምቢ ማለት ይርጋ ያልተማረው ነገር ነው። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለ። ሲጋፋ የነበረው ሰው ሳያስበው ተሰለፈ። ጎረምሳው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አንድ ብልት ብቻ ወጣለት፤ የይርጋን ፊት አይቶ አልተከራከረም።

ራሄል መጥታ በጆሮው «አባባ፣ እዚህ ያልቃል ተብሎ አይሰጋም፤ ሲያልቅ ይጨመራል» አለችው።

«ይሁን ልጄ። ግን ኋላ የሚመጣም አለ።»

ልጅቷ ሳቀችና ተወችው።

ምን ያህል እንደቆየ አያውቀውም። ቀና ሲል ፌቨን በሶፍት ዓይኗን ስትጠርግ አየ። ጭልፋውን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ ኮቱን ለብሶ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አሳፈርኩሽ» አላት።

«ምን?»

«ሆቴል ያልሽው ለዚህ ነው። አባትሽ በሽርጥ እንዳይታይብሽ። ይገባኛል የኔ ዓለም፣ አልቀየምሽም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ግን እነ ሙጃሂድስ? ለእነሱ ማን ያርዳል? ሰው ጠርቶ ጦም ማዋል ነውር ነው።»

«ጋሼ ሙጃሂድ ማክሰኞ መጥቶ አይቷል። ለብቻው ወጥ ቤት አላቸው፤ የሚያርደውንም እሱ ራሱ መርጧል። የሠርጉ ቀን ቁጭ ብሎ ሊበላ ነው።»

«ሙጃሂድ? ቁጭ ብሎ?» አለ ይርጋ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጓደኛው የከዳው መሰለው።

ፌቨን ሶፍቱን አጣጠፈችው። «አባዬ፣ የሃና ሠርግ ጊዜ የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ? ድስቱ ላይ ነዋ።»

«ጉልበት ስትስምስ?»

ትልቋ ልጁ ሃና ከተዳረች ስምንት ዓመቷ ነው። ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ የወላጅ ጉልበት ስመው ይመረቃሉና ሁለት ወንበር ወጣ። ገነት በአንዱ ተቀመጠች። ይርጋን ሦስት ጊዜ ጠሩት። በዚያች ሰዓት ግን ከግራና የዘገየ መኪና ሠላሳ ሰው አራግፎ፣ እሱ በተረፈችው ወጥ ሠላሳውን ለማዳረስ ይጨነቅ ነበር። «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ። ሲወጣ የሙሽሮቹ መኪና ሄዷል። ያን ዕለት ማታ ለገነት የነገራት ሠላሳው ሰው እንዴት እንደጠገበ ነው።

«ሃና ባዶውን ወንበር ስማ ነው የሄደችው» አለች ፌቨን። «ሚዜዋ ነበርኩ። ከኋላዋ ቀሚሷን ይዤ አይቻለሁ። ላንተ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር። እኔ አላፈርኩብህም አባዬ። እንዴት አፍርብሃለሁ? ዳስ ከተጣለ ግን ሽርጥህን ታሸርጣለህ፤ ብለምንህም አትቀመጥም። ሆቴል ከሆነ ጭልፋውን የሚይዝ ሌላ ሰው አለ ብዬ ነው።» ወደ ዶሮ ወጡ ዞር ብላ አየች። «እሱም አልሆነልኝም» አለችና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

ይርጋ አብሯት ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድም ሰው አላጎደልኩም ብሎ ይኮራ ነበር። አንድ ሰው አጉድሏል፤ እሷም የገዛ ልጁ ናት። ለረጅም ጊዜ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ሲያስተካክል ቆየ።

«ወንበሬ የት ነው የሚሆነው?» አለ በመጨረሻ።

ፌቨን በመስኮቱ በኩል ከፍ ያለውን ቦታ አሳየችው።

«የእናትሽስ?»

«ከጎንህ።»

«እንግዲያው ነገ ሆቴሎቹን እሺ በያቸው። ሃናንም ደውለሽ ከባሏ ጋር ትምጣ በያት። እሷም እንደ ሙሽራ ለብሳ ትምጣ። ሁለታችሁም በአንድ ቀን ጉልበቴን ትስማላችሁ።» ወደ ወንበሩ ቦታ አየና «ከግራና ሠላሳ አይደለም መቶ ሰው ቢመጣ ከዚያች ወንበር አልነሳም» አለ።

ፌቨን ተነሥታ ጉንጩን ሳመችው። ሰሃኑን ይዛ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ስትሄድ እሱም ሊነሳ እግሩን ሰበሰበ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። እንጀራውን፣ ዶሮውን፣ ጎመኑን አምጥታ ፊቱ አቀረበችለት። ለራሷ አላነሳችም።

«አንቺስ?»

«ካንተ በኋላ።»

በሩ ተከፍቶ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ጫጫታውን ይዞ ገባ፤ ወንበር ተጎተተ፣ ሰሃን ተንኳኳ። ይርጋ ስንት እንደሆኑ አልቆጠረም። አማተበ፣ ቆረሰ፣ በላ።