የሸሚዝ ቁልፍ ያላት ትራምፔት

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው የጎንደር ወጣት በስልኬ የትራምፔት ፎቶ ላከልኝ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ሊገዛት አስቦ፣ ዕድሜዋን እንድነግረው ነበር የፈለገው። ፎቶውን አስፍቼ የቧንቧዎቿን መታጠፊያና የምራቅ ማስወጫዋን ቅርጽ አየሁና የማውቀውን ጻፍኩለት። «ከገዛኋት በኋላ ደህና አድርጌ ላድሳት?» ሲል ጠየቀኝ። «አትንካት» አልኩት። «ለምን?» አለ። መልሱ ለስልክ መልእክት ይረዝማል።

ነገሩ ሲጀምር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። የትራምፔቱም ነገር እንደዚሁ ጀመረኝ። ከተጣሉ ቁርጥራጭ ብረቶች መካከል አንዲት የተጣመመች ትራምፔት አገኘሁ። መንፋት አልችልም፤ ዛሬም አልችልም። ግን በጎኗ የተመታው ቁጥር ምን እንደሆነ ሳላውቅ መቀመጥ አቃተኝ።

ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። በዚያን ጊዜ አንድ ፎቶ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ነበር የሚከፈተው። መብራት ሳይጠፋ ሙሉዋን ካየኋት ቀኑ የቀና ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቁጥሩን ከዘመኑ፣ ቅርጹን ከሠሪው ማዛመድ ያዝኩ። መግዛቱ ቀጥሎ መጣ። አዲስ አበባ ያሉ ሻጮች ፎቶ ይለጥፋሉ፣ እኔ እመርጣለሁ፣ ዕቃው በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶብስ ሹፌር እጅ ይደርሰኛል። በደብተሬ ውስጥ ለእያንዳንዷ አንድ ገጽ ነበራት፤ ቁጥሯ፣ ክብደቷ፣ የተሰረጎደው፣ የጎደለው። የሱቅ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ «አንተ ልጅ፣ አትነፋቸው፣ አትሸጣቸው! ልትድራቸው ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ደባት ውስጥ ጋሽ መኳንንት የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሬዲዮአቸውን ሊያሠሩ ሱቄ መጥተው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ትራምፔቶች ሲያዩ ሬዲዮአቸውን ረሱት። በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ደባት በሄድኩ ቁጥር ቤታቸው ሳልገባ አልመለስም። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ይቀርባል፤ ወሬው ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይደርሳል።

«ሠራዊቱ ሲበተን በእግሬ አዲ አርቃይ ደረስኩ» ይላሉ። «በላዬ ላይ ያለችው አንዲት ሸሚዝ ናት። የሊማሊሞን ዳገት በዚያች ሸሚዝ ብወጣው ኖሮ ደባት የሚገባው ሬሳዬ ነበር። አንድ ሰው ጋቢውን አወለቀልኝ፤ እኔም ትራምፔቷን ሰጠሁት።»

ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ ከጓዳ ሆነው ይመልሳሉ፦ «ጋቢው አልቆ ጨርቁም ጠፍቷል! ትራምፔቷ ግን አላለቀችም። በእንቅልፋቸው ትከሻዬ ላይ ጣታቸውን ያርመሰምሳሉ። ምነው ዘፈኑን እንኳ ቢነግሩኝ!»

እኔ ደብተሬን አውጥቼ የሠራትን ፋብሪካ እጠይቃለሁ፤ ቁጥሯን እጠይቃለሁ።

«ቁጥር ማን ያያል ልጄ? እኔ የማውቃት በከንፈሬ ነው» ይሉኛል።

ከንፈር በደብተር አይጻፍም። ስለዚህ የእሷን ገጽ ባዶውን ተውኩት። እሳቸው ራሳቸው ምን እንዳደረጉባት፣ የት እንደወደቀችባቸው፣ በምን እንደጠገኗት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

አንድ ጥቅምት፣ ከሻጮቹ አንዱ አንዲት ትራምፔት ለጠፈ። «ከሽሬ በኩል የመጣች» ይላል ጽሑፉ። በፎቶው ላይ የሻጩ እጅ የጣት መጫኛዎቿን ሸፍኗቸዋል። ሽሬና አዲ አርቃይ ያሉት በአንድ መንገድ ላይ ነው። ዘመኗም ይገጥማል። ለማንም ሳልናገር ገዛኋት።

ጆንያውን ስፈታ ጠቁራ ነበር። ሦስቱ የጣት መጫኛዎች ጫፋቸው ላይ ነጭ የዛጎል ክዳን ሊኖራቸው ይገባል። የመካከለኛው ግን የዛጎል አልነበረም፤ አንድ ሰው በቦታው ተራ የሸሚዝ ቁልፍ ለጥፎበታል። አስጠላኝ። ልክ ያልሆነ ነገር ሳይ እስከዛሬ ጥርሴን ያሳክከኛል። ለእኚህ ሽማግሌ ይህችን ይዤ ልሂድ? ቁልፉን በጩቤ ጫፍ ነቀልኩት። ከመጀመሪያዋ፣ ከተጣመመችው ትራምፔት ላይ እውነተኛውን ክዳን አንስቼ ተከልኩበት። ከዚያ ዲያቆናት ለበዓል ጽናውንና መስቀሉን እንደሚያሹት፣ በሎሚና በአመድ ሙሉ ቀን አሸኋት። ማታ ላይ ፊቴ ይታይባት ነበር። ሱቁን ጠርጌ ወጣሁ።

በማግስቱ ወደ ደባት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌያት ተቀመጥኩ። ገብሱ ከግራም ከቀኝም ቢጫ ሆኖ ነበር። መንገድ ዳር ልጆች የባቄላ እሸት በመስኮት ያቀብሉን ነበር፤ ገዝቼ አንዱንም ሳልፈለፍል ደረስኩ።

ጋሽ መኳንንት ጨርቁን ሲገልጡት ብዙ ሰዓት የቆዩ መሰለኝ። አሸተቷት።

«ሎሚ ሎሚ ትላለች» አሉ።

«አጽድቻት ነው፣ ጋሼ።»

ሦስቱን ጣቶቻቸውን አሳረፉባት። መካከለኛዋ ጣታቸው ክዳኑን ዳበሰችው፣ ተነሳች፣ እንደገና ዳበሰችው። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ሰው የሌላውን ሰው ልጅ ሲስም ፈገግ እንደሚለው።

«ጥሩ ናት። ዓይነቷም የእኔዋ ዓይነት ናት። የእኔዋ ግን መካከለኛው ክዳን ወድቆባት ነበር። ከዚያችው ከለበስኳት ሸሚዝ አንድ ቁልፍ በጥሼ ለጠፍኩባት። አለቃዬ ባየው ቁጥር ይቆጣኛል፤ እኔ ግን ወደድኩት፤ በጨለማም እሷ መሆኗን አውቃለሁ።»

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዝምታ ልማዴ ነው። ግን ጣታቸው አሁንም ክዳኑ ላይ ነበረች።

«ጋሼ፣ ቁልፍ ነበረባት» አልኩ። «እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

እትዬ ደብሬ ከጓዳ ወጡ። ጋሽ መኳንንት ቀና ብለው አዩኝ።

«ስንት ቀዳዳ ነበረው?»

«እ?»

«ቁልፉ። የእኔ ሸሚዝ ቁልፍ አራት ቀዳዳ ነው። ያንተስ ሁለት ነው አራት?»

ደብተሬን አወጣሁ። ክብደቷ በግራም ተጽፏል። ስርጉዷ በሚሊሜትር ተጽፏል። ስለ ቁልፉ የጻፍኩት ግን ሁለት ቃል ነበር፦ «ባዕድ። ተነቀለ።» ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውስ ሞከርኩ፤ የሚታየኝ ነጭ ነገር ብቻ ነበር። ሁለት ስል ሁለት ይሆናል፣ አራት ስል አራት።

«አላስታውስም» አልኩ።

«እንዲያው ይሄ ልጅ የፈጣሪን ጢም ቆጥሮ ዓይኑን ይረሳል!» አሉ እትዬ ደብሬ። ከዚያ አሳዘንኳቸው መሰል ጠላ ቀዱልኝ።

ጋሽ መኳንንት ከንፈራቸውን በምላሳቸው አረጠቡና ትራምፔቷን ይዘው ወደ በራፉ ወጡ። ከፊት ሁለት ጥርስ የላቸውም። መጀመሪያ የወጣው ንፋስ ነበር። ሁለተኛም ንፋስ። በሦስተኛው አንድ ወፍራም፣ ረጅም ድምፅ ወጥቶ ከአጥር አጥር ተሻገረ። ዜማ አልነበረም። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ያዙት።

በዚያ ሰፈር ጥሩምባ የሚነፋው የእድር ለፋፊ ነው፤ የሚነፋውም ሰው ሲሞት ነው። ድምፁ ሳይበርድ የየቤቱ በር ተከፈተ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶች ዱላቸውን ይዘው ወጡ። አንዲት ጎረቤት ከሩቁ ማልቀስ ጀምረዋል።

«ማን ነው? ማን ሞተ?» አሉ አንድ አዛውንት እያለከለኩ።

«እትዬ ደብሬ ናቸው?» አለች ሌላዋ።

«አፍሽን ቁረጪው! ቆሜ እያየሽኝ!» አሉ እትዬ ደብሬ።

ጋሽ መኳንንት ትራምፔቷን ከአፋቸው አወረዱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከትንፋሽ ማጠር ይሁን ከሌላ አላውቅም።

«የሞተ የለም» አሉ። «የጠፋ ሰው ገብቶልኝ ነው።»

«ታዲያ ለገባ ሰው በሞት ድምፅ ይጠራሉ? እኔ ሊጤን ጥዬ ነው የወጣሁት!» አለች ያችው ሴት፣ ነጠላዋን እየመለሰች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሲያለቅሱ የመጡትም ሳቁ። ጠላው አልበቃም፤ ከጎረቤት ተጨመረ።

ደባርቅ ስመለስ የሱቄን ጥራጊ የጣልኩበትን ጉድጓድ ሁለት ቀን በእጄ በረበርኩት። የቢራ ክዳን፣ የሬዲዮ ብሎን፣ የተሰበረ ማበጠሪያ አገኘሁ። ቁልፍ አላገኘሁም።

ጋሽ መኳንንት ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ትራምፔቷ ከእትዬ ደብሬ አልጋ በላይ ተሰቅላለች። ያን ቀን እውነት በከንፈራቸው አውቀዋት ነው ወይስ እኔን ከሀፍረቴ ሊያወጡኝ ነው እንደዚያ ያሉት? አልጠየቅኳቸውም። ቢጠየቁም ይነግሩኝ ነበር ብዬ አላስብም።

እኔ አሁንም የኢንተርኔቱን ገጾች አያለሁ። እንደ ድሮው ቁጥርና ቅርጽ አስቀድሜ አልመለከትም። ፎቶው እንደተከፈተ ዓይኔ የሚሄደው ወደ መካከለኛው መጫኛ ነው። አንድ ቀን አራት ቀዳዳ ያለው የሸሚዝ ቁልፍ የተለጠፈባት ትራምፔት ብትገጥመኝ፣ ደባት የተሰቀለችው የእሳቸው አልነበረችም ማለት ነው። ባገኛትስ ብዬ እየፈራሁ፣ በየቀኑ እፈልጋታለሁ።