ባለ አንድ በር ሜዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ውሎ ወደ ማታ ጋብ በሚልበት ወራት፣ የሠፈራችን ልጆች መሰብሰቢያ የአጎቴ የጋሽ ማርቆስ ምድጃ ዳር ነበር። ያኔ ገና ኩራዙ እንደተለኮሰ እንሄድና ጎደሬያችንን ረመጡ ውስጥ ቀብረን፣ እስኪበስል ድረስ በእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይናችን እያለቀሰ፣ ተረት ንገረን እያልን እንነዘንዘው ነበር። የሌላው ቤት ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ያወራል። የጋሼ ተረት ግን ስለ አንዲት የእንግሊዝ አገር የኳስ ሜዳ ነበር፤ ከዚያች ሌላ አያውቅም፣ እኛም ሌላ አንፈልግም።

ጋሼ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴን፣ ታላቅ ወንድሜን ታምሩንና እኔን አጠገባችን በሠራው ቤት ሆኖ ያኖረን እሱ ነው። ሥራው የቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ነበር። አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት የቀጠረው ባለ እርሻ፣ ማሽኖቹን የገዛበት የእንግሊዝ ፋብሪካ ድረስ ሄዶ ሙያ እንዲማር ለስድስት ወር ልኮት ነበር። ከዚያ አገር ይዞት የተመለሰው አንድ ሳጥን መፍቻ፣ አንድ ወፍራም ካፖርትና ይህችን ተረት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሥራ የለም፣ ብሎ ይጀምራል። ክፍል ያከራየው ሰውዬ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነበርና በእጁ ጠቅሶ አስከትሎት ይወጣል። እኛ እንግሊዝ ሲባል ጩኸቱ በሬዲዮ የሚሰማውን ትልቅ ስታዲየም ነበር የምናስበው። ጋሼ ይስቅብናል። ይቺኛዋ ከጎረቤት ከተማችን ከአማን ገበያ አትሰፋም፤ ግማሿም ጭቃ ነው። በአንድ ወገን ጥቂት ሽማግሌዎች የሚጠለሉበት የቆርቆሮ ዳስ አለ። በሌላው ወገን የሰው ጓሮ ነው፤ ኳሷ አጥሩን ዘላ ጎመኑ መሃል ስታርፍ ሴትዮዋ የምታሰጣውን ልብስ ትታ መልሳ ትወረውርላቸዋለች። በረኛው ዳቦ ጋጋሪ፣ ተከላካዩ ፖስታ አዳይ ነው። ውሻውን ይዞ የሚመጣ ተመልካች አለ። ከአንዲት ትንሽ መስኮት ትኩስ ሻይና ሥጋ የተጠቀለለበት ቂጣ ይገዛሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይልና፣ ኩባያውን እንዴት አቅፎ ይሞቅ እንደነበር ለማሳየት የቡና ቅጠል የተፈላበትን ቅሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያስጠጋል። መጀመሪያ የዚያ ሠፈር ልጆች አፍጥጠው ያዩት ነበር። በአምስተኛው ቅዳሜ ግን የሚቆምበትን ቦታ ጠብቀው አቆዩለት። ይህን ሲናገር ሁልጊዜ ድምፁ ይለሰልሳል።

ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው በሩን ነበር። ሜዳዋ ዙሪያዋን ታጥራለች፤ መግቢያዋ አንድ ብቻ፣ እሱም የምትሽከረከር የብረት በር። ገፋ ሲያደርጓት ቋ ብላ ትዞርና አንዱን አስገብታ ከኋላ ያለውን ታቆማለች። የማሽን ሰው አይደል፣ አሠራሯን በከሰል መሬት ላይ እየሣለ ያስረዳን ነበር። ማንም አይጋፋም፤ ሳይታይ የሚገባ ሰው የለም።

ቡድኑ ይሸነፋል። ሁልጊዜ ይሸነፋል። «ከዚያስ?» እንለዋለን። «ከዚያማ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ» ይለናል። ይህ አጨራረስ አይጥመኝም ነበር። ያኔ ሰው የሚሰበሰበው ቀበሌ ሲጠራው፣ ስሙም እየተነበበ ነበር፤ ማንም ሳያስገድደው ተሰብስቦ ማንም ሳይጎድል የሚበተን ሕዝብ ለጋሼ ምን እንደሆነ ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም።

ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ ከተማችን ደረሰ። ታምሩ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ስሙ በተጠራ ማግስት እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቡና ጫካ ውስጥ፣ አንድ ቀፎ ሰቃይ ዘመዳችን ጎጆ ደበቀችው። ማንም ልጅን አይጠረጥርምና ቆጮና ጎመን በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ሦስት ወር ተመላለስኩ። ፂሙ አደገ፣ ወሬው አለቀ፤ ስለ ኳስ ብቻ ይጠይቀኛል። ከሚዛን ልጆች እንደሱ በክንፍ የሚሮጥ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን፣ ዕድሜያቸው ለውትድርና ያልደረሰና ከአፈሳው የሚያስቀር የተማሪነት ወረቀት ያላቸው ልጆች ሜዳችንን የጋሼን ሜዳ እናስመስላት ብለው ተነሱ። ከብት እንዳይገባ ነው ብለው ለቀበሌው አመለከቱና ዙሪያውን በቀርከሃ ጥቅጥቅ አድርገው አጠሩት። በሩን ጋሼ ሠራው። ከተሰበረ መፈልፈያ ላይ የፈታውን ዘንግ አቁሞ አራት አግዳሚ እንጨት ገጠመለት፤ ገፋ ሲያደርጉት እንደዚያኛው ቋ እያለ ዞረ። ከአማን ድረስ በሩን ለማየት የመጣ ሰው ነበር። ጋሼን እንደዚያ ቀን ተደስቶ አይቼው አላውቅም።

ከአማን ልጆች ጋር ሊጋጠሙ ቅዳሜ ተቀጠረ። ዐርብ ስንቅ ስታስይዘኝ እናቴ፣ «ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል በይው» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ግን ሌላ ነበር። ወንድሜ ናፍቆኛል። ሰው ሁሉ እያየው ሲሮጥ፣ የታምሩ እህት ስባል ታየኝ።

«እማ ምን አለች?» አለኝ።

«ምንም። ጋሼ ግን ና ብሎሃል።»

«ጋሼ ራሱ?»

«ራሱ። በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ፣ ሳይታይ የሚገባ ሰው የለም ብሎሃል።»

ፂሙን እየዳሰሰ ሳቀ። የጋሼን ቃል ተጠራጥሮ አያውቅም።

ቅዳሜ ጨዋታው ሊጀመር ሲል መጣ። ጋሼ በሩ ላይ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፤ «ምን አመጣህ?» ሊለው አፉን ሲከፍት ልጆቹ ታምሩን አቅፈው ወደ ውስጥ ወሰዱት። እኔ አጥሩ ሥር ሆኜ አየሁ። ተጫወተ። እንዴት እንደተጫወተ ልጽፈው አልችልም። ለዕረፍት ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሁለት የጭነት መኪና መጣና ከበሩ ፊት ለፊት ቆመ።

ታጣቂዎቹ ሜዳው ውስጥ እግራቸውን እንኳ አላስገቡም። ምን ብለው ይገባሉ? እያሯሯጡ ከመያዝ የሚያድናቸውን ሥራ እኛው ሠርተንላቸዋል። ልጆቹ ወደ ቀርከሃው ሮጡ፤ አጥብቀው ያሰሩት ራሳቸው ነበሩና አልፈታ አለ። የታጣቂዎቹ አዛዥ ጋሼን፣ «አንተ ባለ በር፣ ሥራህን ቀጥል፤ አንድ በአንድ አውጣልን» አለው። ሴቶችና ሽማግሌዎች ወደ ቀኝ፣ ወጣቶች ወደ መኪናው። የተማሪ ወረቀት ያየ የለም። ታምሩ ሲደርስ ጋሼ እንጨቱን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ። በሰደፍ መቱት። ደም አገጩ ላይ እየወረደ አሁንም አለቀቀም።

ታምሩ ነው ያስለቀቀው። «ጋሼ፣ ተወው፤ ይገድሉሃል። አሳልፈኝ» አለው። በሩ ቋ አለ።

እናቴ ወሬውን ሰምታ ስትደርስ መኪናዎቹ ሄደው ነበር። ጋሼ በማግስቱ በሩን ነቅሎ ዘንጉን ወንዝ ጣለው። ምድጃው ዳር የሚመጡት ልጆች አነሱ፤ የመጣነውንም ተረት ስንጠይቀው ተረሳኝ ይለን ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ከማሠልጠኛው ደብዳቤ መጣ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጋሼም ሙያውን የለመደው በዓይኑ እያየ ነው እንጂ ማንበብ አያውቅም፤ ታምሩ ከሄደ ከቤቱ የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ኩራዙን አስጠግተውልኝ በሁለት በኩል ተቀምጠው ጠበቁ። ደህና ነኝ ይላል፤ ጫማ ሰጥተውናል፣ ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው። ከዚያ በታች፣ «ጋሼ ና ብሎ ስለላከብኝ አልተቀየምኩትም በሉት፤ ያን ቀን ደስ ብሎኛል» የሚል መስመር ነበር። ያችን መስመር ዘልዬ፣ ከሥሯ እማን አደራ የሚለውን አነበብኩ። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

መንግሥቱ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን እናቴ አንድ ክረምት ሙሉ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ቆመች፤ ማንም ስለ ታምሩ የሚያውቅ አልነበረም። ጋሼ በዚያው ዓመት ታመመ። ውሃ ሳጠጣው፣ «ያን ተረት ባላወራላችሁ ኖሮ ከጫካው አይወጣም ነበር። እኔ ነኝ ያስወጣሁት» አለኝ። አይዞህ ጋሼ አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩትም፤ በሳምንቱ ሞተ።

ዛሬ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ለሌላ ሰው ልጆች ተረት አወራለሁ፣ ያችን ሜዳ ግን ለማንም አላወራሁም። እናቴ አለች። ዓይኗ ደክሟል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ግን ደብዳቤውን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ዳብሳ አውጥታ አንብቢልኝ ትለኛለች። አነብላታለሁ። ያቺ መስመር ጋ ስደርስ እዘላታለሁ። ድሮ ድምፄ ይርድ ነበር፤ አሁን አይርድም።