ሁሉም እኩል የቀላበት ቅርንጫፍ

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው... አከራዬ እትዬ ሽብሬ ስልኬን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩና፣ «ልጁ ቆንጆ ነው። ቡናው ግን ውሸት ነው» አሉኝ።

ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ተናደድኩ።

ለማታውቁኝ... ዲላ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ኮምፒውተር ላብ ነው የምሠራው። ፌክ አካውንት በመለየት ስሜ የወጣ ሰው ነኝ። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤታችን ሳይቀር «እስኪ ይቺን እይልኝ» እያለ ስልኩን ያመጣልኛል። እኔም ጉትቻዋ ግራና ቀኙ አንድ መሆኑን አያለሁ፣ ጣት እቆጥራለሁ፣ ከኋላዋ የተጣመመ ነገር እንዳለ ለማየት አጎላለሁ። «ኤአይ ነው!» ካልኩ አለቀ፣ ይግባኝ የለውም።

እንዲህ የምኮፈሰው ሰውዬ ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ከሊዲያ ጋር በኢንቦክስ ሳወራ ነበር። እዚሁ ጌዲኦ ውስጥ፣ የዱመርሶ ልጅ ነኝ ብላኛለች። አባቷ ቡና አምራች፣ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ከቤተሰቧ ጋር ቡና የምትለቅም። ፕሮፋይሏ ላይ የቡና ቅርንጫፍ ይዛ ትስቃለች። ጣቷን ቆጠርኩ፣ አምስት። ጉትቻዋ ልክ ነው። ጥርሷም ልክ ነው... ኧረ ከልክም በላይ ነው። ቪዲዮ እንደዋወል ስላት «እኛ ጋ ኔትወርክ አይሠራም» ትለኛለች፤ እኔም አምናለሁ። ማመን የፈለገ ሰው ምክንያት አያጣም።

ወድጃት ነበር። አላሽሞነሙነውም፣ ወድጃት ነበር። ደሴ ላለችው እናቴ ሳይቀር ነግሬያት «ሽማግሌ ላክ እንጂ ምን ትጠብቃለህ?» ብላኛለች። እዚህ ዘመድ ስለሌለኝ የእትዬ ሽብሬ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ሁለት ሰው ይዘው እሁድ ዱመርሶ ሊሄዱልኝ ቃል ገቡ። ሊዲያን ላስደንቃት ብዬ አልነገርኳትም። እትዬ ሽብሬም ስልኬን የተቀበሉኝ «ሽማግሌ የሚላክለትን ልጅ እስኪ ልየው» ብለው ነው።

እትዬ ሽብሬ ጌዲኦ ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ቡና ሲመርጡ ኖረዋል። አማርኛቸው ወንድና ሴት ያቀላቅላል፤ ዓይናቸው ግን ምንም አያቀላቅልም።

«እትዬ፣ ቡና ደግሞ እንዴት ውሸት ይሆናል?»

«እየው። ሁሉም ቀልቷል። ቡና ባንድ ቀን አይቀላም። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ቢጫ ይላል፣ አንዱ ገና አረንጓዴ ነው። ይሄ ልጅ የያዘው ግን ሁሉም እኩል ነው። እግዜር እንዲህ አይሠራም።»

ፎቶውን አጎላሁት። እውነትም... ሁሉም ፍሬ ቀይ፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም የሚያብለጨልጭ። ስምንት ወር ሙሉ ፊቷን ሳይ ቅርንጫፉን አንድ ቀን አላየሁትም።

«ምናልባት... ፎቶውን አሳምራው ይሆናላ» አልኩ።

አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ ልጄ። እኛ ማጠቢያ ላይ እሸት ቡናውን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ነው የምንጨምረው። ላዩን ስታየው ሁሉም ያምራል። ደህናው ይሰምጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። አንተም ውሃ ውስጥ ጨምረው። አንድ የቡና ዛፍ በዓመት ስንቴ ይለቀማል፣ በለው።»

«በለው» ያሉኝ ሊዲያን ነው።

ጥያቄውን እንዳለ ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰች።

«ውዴ አንዴ ነዋ 😂 ሁሉም ሲቀላ ይለቀማላ! ምነው?»

ለእትዬ ሽብሬ አነበብኩላቸው። አልሳቁም።

«ተንሳፈፈ» አሉ።

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። «ሦስቴ፣ አራቴ እንመለሳለን። የቀላውን ለቅመን ሌላውን እንተዋለን፣ ደግሞ እንመለሳለን። ይሄንን ዱመርሶ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል።»

«አሁኑኑ ቪዲዮ ክፈቺ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችው። ትንሽ ቆይቶ ስሟም ፎቶዋም ጠፋ። ብሎክ ተደረግኩ። ከዚያኛው ወገን ተቀምጦ «ውዴ» ሲለኝ የኖረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አለቀስክ ወይ? ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ትንሽ። ግን ከሐዘኑ በላይ የያዘኝ መገረም ነበር። ያ ሁሉ ትምህርቴ፣ ያ ሁሉ ጣት ቆጠራ... ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሴት ባንድ እይታ ፉርሽ አደረጉት። ማሽኑ የሰው ፊት አሳምሮ መሥራት ተምሯል፤ ቡና ተራውን እየጠበቀ እንደሚቀላ ግን የነገረው የለም። እኔስ? ለእኔም የነገረኝ አልነበረም።

«በቃ እሁድ ቀረ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ማን ቀረ አለህ? እንሄዳለን። ቡና ሲቀላ በዓይኑ ያላየ ሰው ከዚህ አገር ሚስት ሊያገባ ነው?»

እሁድ ሄድን። ጋሽ ታደሰ ለሽምግልናው ያስተኮሱትን ኮት ለብሰው፣ መንገዱን ሙሉ እኔን ላለማየት በመስኮት እያዩ። ዱመርሶ ስንደርስ እትዬ ሽብሬ ዘመዳቸው ማሳ ውስጥ ገብተው አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አደረጉልኝ። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ድንጋይ የመሰለ አረንጓዴ አለ፣ ወፍ የቀመሰውም አለ... ሁሉም ባንድ ቅርንጫፍ ላይ። አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዓመት ዲላ ስኖር አንዴም ጠጋ ብዬ አላየሁትም።

አሁን ፕሮፋይሌ ላይ የምታዩት ያ ቅርንጫፍና የእትዬ ሽብሬ እጅ ነው።

እና ስልክ ይዛችሁ ላብ ለምትመጡ... እኔ ጋ ያለው ጣት ቆጠራ ብቻ ነው፤ ውሃው ያለው ቤት፣ እትዬ ሽብሬ ጋ ነው።