አባቴ በኮምፒውተር የተፈተነበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ የአባቴ እጅ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። አሸተን ማርያም ዳገት ላይ፣ ወደ ታች ማየት በሚያስፈራው ቦታ፣ የደነገጠ እንግዳ ክንድ ይዞ ሲያሻግር ያልተንቀጠቀጠ እጅ፣ በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል ማውስ ሲይዝ ተንቀጠቀጠ። ዛሬ የምተዳደረው ኮምፒውተር በመጠገን ነው። አንድ ፕሮግራም አልጫን ብሎ ሲያስቸግረኝ ግን እስካሁን ያ ቅዳሜ ይመጣብኛል።

አባቴ አስጎብኚ ነበር። እንግሊዝኛውን ከእንግዶቹ አፍ ለቅሞ ነው የተማረው። ከቤት የሚወጣው ሁልጊዜ በተተኮሰ ሸሚዝና በቡናማ ኮት ነው። እንግዶቹን ፊት ለፊት እያየ ማስረዳት ስለሚወድ፣ ከቤተ ማርያም እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ድረስ የኋሊት ነበር የሚራመደው፤ አንዴም ሲደናቀፍ አላየሁትም። እኛ ልጆቹ በሩቅ ስናየው፣ እየመጣ ይሁን እየሄደ ለማወቅ ከፊቱ ይልቅ እግሩን ማየት ነበረብን።

ሰባተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ የልደት በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ የአስጎብኚ ፈቃድ የሚታደሰው በኮምፒውተር ፈተና ነው ተባለ። ወጣቶቹ ወልድያ ወርደው ተፈተኑ። አንጋፋዎቹ እዚሁ በእኛ ትምህርት ቤት እንዲፈተኑ ተፈቀደላቸው፤ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት። ያን ቀን ያልተፈተነ በዓሉን ያለ ፈቃድ ማሳለፉ ነው፣ ያለ ፈቃድ ከእንግዳ ጋር የተገኘ ደግሞ ከሥራው ይሰረዛል። የቤታችን ኑሮ ዓመቱን ሙሉ የሚቆመው በዚያ በዓል ሰሞን በሚመጣው እንግዳ መሆኑን ልጅም ብሆን አውቅ ነበር። አባቴ ያን ሳምንት እራት አልበላ አለ። እናቴ ሳህኑን እያነሳች ትመለስ ነበር።

የትምህርት ቤታችንን ኮምፒውተሮች የላከልን ቀደም ሲል የመጣ አንድ ጎብኚ ነው። አሮጌዎች ስለነበሩ ሲሞቁ የውስጣቸው አቧራ እንደተለበለበ ላባ ይሸታል። የመጡት ሊኑክስ የሚባል ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ተጭኖባቸው ነው። የኮምፒውተር መምህራችን መምህር ይርጋ ይህን ሥርዓት ማመስገን ከጀመሩ ደወሉም አያስቆማቸውም። ባለቤት የለውም፣ ሆዱን ከፍቶ ያየ ሁሉ ሊያስተካክለው ይችላል፣ ማንንም ደጅ አያስጠናም ይሉን ነበር። ብቻ የማሽኖቹ የውስጥ ባትሪ ስላለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓታቸው ይዛባል። ስለዚህ የጠዋት የመጀመሪያ ሥራችን ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ የተጻፈውን ቀንና ዓመተ ምሕረት ወደ ማሽኑ መገልበጥ ነበር፤ ሰዓቱንም እንደዚያው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሆነ ሁለት ብለን። ማሽኑ ኔትወርክ ሲያገኝ በገዛ ራሱ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንዳይሄድ መምህር ይርጋ መንገዱን ዘግተውበታል። ላስታ ተቀምጦ የሰው አገር ሰዓት የሚቆጥር ማሽን ምን ያደርግልናል ይሉ ነበር። እኛም በዚህ ነገር እንኮራ ነበር።

ያን ቅዳሜ የተጠራሁት ከኮምፒውተር ክበቡ ልጆች ፈጥኜ የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ ነው። ብርዱ ጣት ይቆለምማል። ክፍሉን ጠርጌ፣ ማሽኖቹን ከፍቼ፣ ቀኑን ከሰሌዳው በየማሽኑ ላይ በጥንቃቄ ገለበጥኩ። ከዚያ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ቶሎ ጨርሶ መሄድ የሚፈልግ ሰው ነበር። ፈተናውን በፍላሽ ይዞታል። ፍላሹን ሰካን፤ ፈተናው አልከፈት አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ብቻውን አይሠራም፤ ከሥሩ ሆኖ የሚያስኬደው ራንታይም የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል። ፈተናው እህል ቢሆን ራንታይሙ ወፍጮው ነው። የእኛ ማሽኖች ነጻ የሆነ፣ ባለቤት የሌለው ወፍጮ ነበራቸው። በእሱ ብንሞክረው ነጭ ገጽ ብልጭ አለና ጠፋ። ፈተናው የተሠራው ለአንድ ኩባንያ ራንታይም ነው፣ ያ ደግሞ ውስጡ የማይታይ፣ በኩባንያው ማኅተም ታሽጎ የሚመጣ ነው። መምህር ይርጋ እንዲህ ያለ ነገር በማሽኖቻቸው ላይ ጭነው አያውቁም። ፊታቸው ጠቆረ፤ ቢሆንም ከኢንተርኔት እናውርደው አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ኔትወርክ ያለው አንዱ መስኮት ጋ ብቻ ነው። መምህር ይርጋ ጠረጴዛ ላይ ወጡና ለማሽኑ ኢንተርኔት የሚሰጠውን ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው ቆሙ። እኔ ከታች ሆኜ እሳቸው ፊደል በፊደል የሚነግሩኝን ትእዛዝ እጽፋለሁ። ሽማግሌዎቹ አስጎብኚዎች ውጭ የድንጋዩ ካብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የአባቴ የጫማ ተረከዝ ካቡን ሲመታ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አንዴ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንደገና ጀመርን። በዚህኛው ጊዜ ማሽኑ መልስ ሰጠ፤ በቀይ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አመጣና ቆመ።

መምህር ይርጋ ከጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው አዩት። የተዘጋ ነገር ጣጣው ይሄ ነው፣ ባለቤቱ ለእኛ አገር አልፈቀደም አሉ። በሌላ መንገድ ሞከርን፣ ያው ዓረፍተ ነገር መጣ። ከዚያ ሁሉ ብርድ ጋር ግንባራቸው አላበው። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ተቆጣጣሪው እያሳለ ፍላሹን ወደ ቦርሳው ሊመልስ ተነሳ፣ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል አለ። መቼ እንደሆነ መምህር ይርጋ ቢጠይቁት እሱም እንደማያውቅ ነገራቸው። እኔ የቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንገቴን ደፋሁ፤ እራት የማይበላው አባቴና ሳህኑን የምታነሳው እናቴ ናቸው የታዩኝ።

በዚህ መካከል አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ማሽኑ ምን እንደሚል ጠየቀ፤ መምህር ይርጋም ፕሮግራሙን ለማውረድ ፈቃድ እንደተከለከልን ነገሩት። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ እንዳነብለት አዘዘኝ። አነበብኩለት።

«መምህር፣ አልከለከለዎትም እኮ» አለ። «ጊዜው ገና ነው፣ አልደረሰም ነው የሚለው።»

«የምን ጊዜ ነው የማይደርሰው ጋሼ?»

እኔ ጊዜ ሲባል ዓይኔን ሳላስበው ወደ ማሽኑ ጥግ ላክሁ። ጠዋት በገዛ እጄ የገለበጥኩት ዓመተ ምሕረት እዚያ ቁጭ ብሏል። ኩባንያው ማኅተሙን ያተመው በፈረንጆቹ ዓመት ነው። የእኛ ማሽን ደግሞ ከዚያ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቆሞ፣ ገና ያልታተመ ማኅተም እንዴት አምናለሁ እያለ ነው።

«ቲቸር፣ ማሽኑ ያለው በእኛ ዓመተ ምሕረት ነው» አልኩ።

መምህር ይርጋ ስልካቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ የማሽኑን ጥግ አዩ። ያን መንገድ በኩራት የዘጉት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «ቀይሪው» አሉኝ። የፈረንጁን ቀን ከስልካቸው እያዩ ነገሩኝ፣ እኔም ቀየርኩ።

ማኅተሙ አለፈ። ፕሮግራሙ መውረድ ጀመረ፤ መስመሯ ትንፏቀቃለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትንፏቀቃለች። የመምህር ይርጋ ክንድ ዛለና በሌላኛው እጃቸው ቀየሩ። መጨረሻ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ውል መጣና ትስማማላችሁ ወይ አለን። እሺ የሚለውን ተጫንኩ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ኖሯል።

«ሳታነቢው ነው የተስማማሽው?»

መምህር ይርጋ ይሄን ማንም እንደማያነበው ሊያስረዱት ሞከሩ። አባቴ በሐሰት የማልን ይመስል አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር እስቃለሁ፤ ያን ሰዓት ግን የሚስቅ አልነበረም።

ፈተናውን ስንከፍተው ሌላ ጽሑፍ መጣ፤ ፈተናው አልተጀመረም ይላል። በጥድፊያ ዓመቱንና ቀኑን ቀይሬ ሰዓቱን በእኛው ትቼዋለሁ፤ ለማሽኑ አምስት ሰዓት ማለት ወፍ እንኳ ያልተንጫጫበት ንጋት ነው። እሱንም አስተካከልኩ። ተከፈተ። ለሌሎቹ ማሽኖች በፍላሽ እያዞርን እስክንጭን የቀረው ጊዜ ለወጣት እንኳ የሚበቃ አልመሰለኝም። ተቆጣጣሪው ሽማግሌዎቹን አስቀመጠና እኔን አስወጣኝ።

የመስኮቱን ብረት ይዤ አየሁት። እጁ ያኔ ነው የተንቀጠቀጠው። ማውሱ ጠረጴዛው ጠርዝ ሲደርስበት አንስቶ መመለስ እንደሚችል አያውቅም፤ ወንበሩን አብሮ ያስጠጋል። ጮኼ ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን ብጮኽ ፈተናውን ይሰርዙበታል። አንድ ጥያቄ ላይ ተናዶ ወደ ኋላ ተለጠጠ። በኋላ እንደነገረን ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ከቀረቡት መልሶች አንዱም ሙሉ አልነበረም፤ ሊያብራራ ፈልጎ የሚሰማው አጣ። የስድስት ሰዓት ደወል ሲደወል ከወንበሩ የተነሳው ከሁሉ መጨረሻ ነው። ማሽኑ ውጤቱን እዚያው አሳይቶት ኖሮ፣ ወጣና አጠገቤ ደርሶ «አለፍኩ» አለኝ። እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈ፤ መንቀጥቀጡ ገና አልቆመም። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያ ልደት እንግዳው ጎርፎ መጣ፣ አባቴም ሠራ። ከዚያ በኋላም ጥቂት ዓመት ሠራ። ከዚያ ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ አውሮፕላኑ ቀረ፣ ሆቴሎቹ ባዶ ቀሩ። በላብ የተገኘው ፈቃድ በፕላስቲክ እንደተሸፈነ ኮሞዲኖ ውስጥ ከረመ። ልጅ ሳለሁ በቤታችን ላይ ሊመጣ የሚችለው ትልቁ ክፉ ነገር የዚያ ፕሮግራም አለመከፈት ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ጭንቃችን ሰዓት በማስተካከል የሚፈታ ነበር፤ እሱን አጥብቄ እናፍቃለሁ። ዛሬ ራንታይም መጫን ለእኔ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ለአባቴ እንግዳ ማምጣት ግን አልችልም።

አሁን እንግዳ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ የሚያስጎበኙት ወጣቶቹ ናቸው። አባቴ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይለብስና ነይ ይለኛል። ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ትንሽ እንሄዳለን። እኔ እንግዳ እሆናለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ያስረዳኛል፤ ምላሴ እንዳይዝግ ነው ይላል። የመጀመሪያው ቀን ከየት አገር እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ ሳቄ አመለጠኝና ከዚሁ ነኝ አባዬ አልኩት። ኮስተር አለ።

«አይደለሽም። ከሩቅ ነው የመጣሽው።»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ አገር እመርጥለታለሁ። የአገሩን ስም ስጠራ ፊቱ ይበራል፤ እንግዶቹ ባስተማሩት በዚያ አገር ቋንቋ ሰላም ይለኛል። ባለፈው እሁድ ከጃፓን ነኝ አልኩት። ቆመ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ቃሏን እኔ አውቃታለሁ፣ በልጅነቴ ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። አልነገርኩትም። «ይመጣል» አለኝና መንገዱን ቀጠለ። ሄደን ተመለስን። ቤታችን በር ላይ ቁልፉን ከቦርሳዬ ሳወጣ ከኋላዬ ጠራኝ። ዞር ስል፣ በደከመ ወገቡ ጎንበስ ብሎ «ኮኒቺዋ» አለኝ። እኔም ጎንበስ አልኩለት፤ ቀና ስል እንባዬን እንዳያይብኝ ቶሎ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ።