በአውጫጭኙ ሜዳ

ባለፈው ሳምንት ንፋስ መውጫ ባንክ ገብቼ ጡረታዬን ልቀበል ተሰልፌ ሳለ፣ ከኋላዬ የቆመች ሴት ጥበቃውን «በኪዳነ ምሕረት ይዤሃለሁ፣ አስቀድመኝ፤ ልጄ ታሞብኛል» አለችው። ጥበቃው ሣቀና ወደ ሰልፉ መለሳት። እኔ ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ።

በንጉሡ ዘመን፣ ገና ፊደል ያልቆጠርሁ ኮረዳ ሳለሁ፣ ባገራችን አንድ ዘራፊ ነበር። መጀመሪያ በእስቴ መንገድ፣ ቀጥሎ በስማዳ፣ የመንግሥት ግብር የጫኑ በቅሎዎችን ዘረፈ። በመጨረሻ እዚሁ ጋይንት የግምጃ ቤቱን በር ገንጥሎ ገባ። ፊቱን በጋቢ ስለሚሸፍን መልኩን ያየ የለም።

ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠራ። ሌባው እስኪወጣ ድረስ የአገሩ ወንድ ሁሉ ከሜዳው ንቅንቅ አይልም፤ ስንቅ የምናቀብል እኛ ሴቶች ነን። ኅዳር ነበር። ገብሱ ደርሶ ይረግፋል፣ ከጉና በኩል ደመና ይከብዳል። አያ ይመር የሚባል የአባቴ የማኅበር ጓደኛ ካመጣሁት ቆሎ እየዘገነ ያሥቀን ነበር።

«ገብሴ ረግፎ ከሚያልቅ፣ እኔ ነኝ ልበላቸውና እንገላገል እንዴ?» ሲል አባቴ እንኳ ፈገግ አለ።

ከዚያ የግምጃ ቤቱ ዘበኛ የቆሰለ ክንዱ በጨርቅ እንደታሰረ ተነሣ። «አቁስሎኝ ሊደግመኝ ሲል በሚካኤል አልሁት፤ አልሰማኝም። በኪዳነ ምሕረት ስለው አፈሙዙን መለሰ። የእስቴው ባለበቅሎም እንዲሁ ነው የተረፈው» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የኪዳነ ምሕረትን ማኅበር የምትጠጡ ተነሡ ተባለ። ሌላው ሁሉ በስማዳው ዝርፊያ ዕለት ቤቴ ነበርሁ ብሎ ማለ። አባቴ ግን በሬ ልገዛ ስማዳ ወርጄ ነበር አለ፤ በሬው አልተገዛም፣ ያየውም ሰው የለም።

«እሰሩት! ደብረ ታቦር ይሰቀል» አለ ጭቃ ሹሙ።

ጠፍሩ በአባቴ እጅ ላይ ሲጠብቅ እያየሁ፣ በወንዶች መካከል ቆሜ ጮኽሁ። «ማን እንደሆንህ አላውቅም፤ በኪዳነ ምሕረት ይዤሃለሁ፣ አባቴን አትርፍልኝ!»

አያ ይመር እጁ ላይ የቀረችውን ቆሎ ነጠላዬ ላይ አፈሰሰልኝ።

«ምነው ልጄ፣ በሌላ ታቦት ብትይዥኝ ምን ነበረበት» አለና ተነሣ። «ጌታዬ፣ ሰውየውን ፍቱት።»

ትምህርት ቤት የገባሁት ከዚያ በኋላ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ ነው። ብዙ አነበብሁ። በአባቴ ፈንታ የተሰቀለው አያ ይመር ሰው ያቆሰለ ሌባ ነበር፤ ደግ ነበር ብዬ አልጽፍም። አባቴ ሸምግሎ አልጋው ላይ ሞተ፤ እኔም ከዚያች ቀን ወዲህ በኪዳነ ምሕረት ስም ማንንም ለምኜ አላውቅም።

ባንክ ቤቱ ውስጥ ተራዬን ለሴትዮዋ ለቅቄ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምሁ።