የኋላው ሞላ

ሳምንቱን ሙሉ የከተማ አውቶብስ ስትነዳ የከረመች ሴት እሑድ ጠዋት ደግሞ መሪ ልጨብጥ ብላ ስትነሳ ያየ ሰው «ይቺ ሴትዮ ነካ ያደርጋታል እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም። እሷ ራሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቷን እያሸች፣ ይህንኑ ራሷን ስንቴ ጠይቃለች። ግን ትነሳለች። ሰፈሩ «ሹፌሯ» ይላታል። አባቷም ቀልድ ሲያምራቸው እንደዚያው ይሏታል።

የምትሄደው ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው ሰፊ አስፋልት ነው። እዚያ የመኪና ፍቅር ያናወዛቸው ጥቂት ሰዎች እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ የፕላስቲክ ኮን ይደረድራሉ፤ ከዚያ ተራ በተራ በኮኖቹ መሀል እየተጠማዘዙ ይነዳሉ። ኮን ሳይገጭ ቶሎ የጨረሰ አሸነፈ ይባላል። ሽልማት የለም፤ ጉራ ብቻ ነው ያለው። ሹፌሯ ከነሱ ጋር ከገባች ጀምሮ ቦታዋ የታወቀ ነበር፤ ወይ መጨረሻ፣ ወይ ከመጨረሻው ፈቅ ያለ።

ጥፋቱ ሁሉ የእሷ አልነበረም። መኪናዋ ወንድሟ ሌላ ከተማ ሲገባ ጥሎላት የሄደው፣ በፊት ጎማ የምትሳብ ትንሽ አሮጌ መኪና ናት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጨዋ ናት። ጠበብ ያለ መታጠፊያ ላይ ግን መሪው እስከ ጥግ ቢጠመዘዝም አልታጠፍም ትላለች። የፊት ጎማዎቿ እየጮሁ አፍንጫዋን ወደፊት ትገፋና ኮኑን ጨፍልቃ ታልፋለች።

አባቷ ዕድሜያቸውን መኪና ሥር ተንጋለው የፈጁ መካኒክ ነበሩ። ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ቁልፍ መጨበጥ ተወ። ቀኑን ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያሳልፉታል። እሷ ከሥራ ስትገባ ማጠቡም፣ ማልበሱም፣ ማጉረሱም የእሷ ነው። ወንድሟ ስልክ ይደውላል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የተጫጫረውን ፓራውልት እያሳየች ስታማርር አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ታድርግ ብለሽ ነው? የፊት ጎማዎቿ እንዳንቺ ናቸው። ይጎትታሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ፍሬኑም አብዛኛው እነሱ ላይ ነው። የኋላዎቹ እንደ ወንድምሽ ዝም ብለው ይከተላሉ።»

ሳቀች። ስትስቅ ወገቧን ያዛት።

«ታዲያ ምን ይሻላል አባባ?»

«ኋላውን ማጠንከር ነዋ። ሲጠነክር ኋላዋ ሸርተት ይላል፤ ያኔ አፍንጫዋ ራሱ ወደ ውስጥ ይዞራል።»

ከተጣለ መኪና ላይ፣ የኋላውን ክብደት የሚሸከም ጠንካራ ሞላ ተገኘ። ከእሑዶቹ ሰዎች አንዱ በያጅ ስለሆነ፣ የኋላውን ግራና ቀኝ የሚያያይዝና መኪናዋ ስትታጠፍ እንዳታጋድል የሚይዝ ወፍራም ባር ሠራላቸው። እሷ በክሪክ አንስታ ከሥር ገባች፤ አባቷ ከወንበራቸው ሆነው ያዛሉ። «ወደ ግራ! ግራሽን ሳታውቂ ነው መንጃ ፈቃድ የሰጡሽ?» ይሏታል። እንዲህ ሲጮሁ ከሰማቻቸው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበርና ስድቡ ራሱ ደስ አላት።

በማግሥቱ እሑድ መኪናዋ ሌላ መኪና ሆና ዋለች። ዋናው መታጠፊያ ላይ እግሯን ከነዳጁ አንሳ ስታደርግ ኋላዋ ወዘወዝ አለ፣ አፍንጫዋ ኮኑን ታክኮ ገባ። ሦስተኛ ወጣች። ይዛቸው መጥታ ነበርና አባቷ ሜዳው ዳር ተቀምጠው በደህናው እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይደበድቡ ነበር። ሰንብተውም ለጎረቤቱም፣ በስልክ ለልጃቸውም «መኪናዋን አስተካከልናት» ሲሉ ከረሙ።

ግን ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸውም በዚያችው መኪና ነው። ጉብታ በመጣ ቁጥር በደህናው እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። «አመመዎት?» ስትላቸው «ደህና ነኝ፣ ንጂ» ይላሉ። ሰውነታቸውን የሚያፍታታላቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ቀን ለብቻዋ ጠርቶ «ወገባቸው ብሶበታል፤ አልጋቸው ይቆረቁራል እንዴ?» አላት። የቱ እንደሚቆረቁራቸው ወዲያው ገባት።

ቅዳሜ አባቷ ጋደም ባሉበት መኪናዋን አንስታ የገጠሙትን ሁሉ ፈትታ የድሮውን ሞላ መለሰች። አንዱ ቡሎን አልላቀቅ ሲላት እዚያው እንደተንጋለለች እንባዋ መጣ። አላዘነችም፤ ደክሟት ነው።

እሑድ ጠዋት ወደ ሜዳው ሲሄዱ ገና የመጀመሪያው ጉብታ ላይ አባቷ ዞረው አዩዋት።

«የድሮውን ሞላ መለስሽው።»

«አዎ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ወገብዎን እየጎዳዎት ነው አባባ።»

«ወገቡ የኔ ነው!»

«ሕመሙ የርስዎ ነው፤ ሲያቃስቱ የምሰማው ግን እኔ ነኝ።»

አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዚህች መኪና ሌላ ምን ሥራ ቀረኝ?» አሉ።

መኪናዋን ዳር አስያዘች።

«ሥራዎን አልቀማሁዎትም። ግን ደክሞኛል አባባ፣ በጣም ደክሞኛል። ያመመዎትን ይንገሩኝ እንጂ። ጥርስዎን ነክሰው ሲቀመጡ እኔ ስገምት መኖሩ ሌላ ሥራ ሆነብኝ።»

አባቷ በመስኮቱ ውጭ ውጩን አዩ።

«ባሩንስ?»

«እሱንም ፈታሁት።»

«እሱን ደግሞ ምን በደለሽ? ሁለቱ ጎማ እኩል ጉብታ ላይ ሲወጣ ባሩ አብሮ ይዞራል እንጂ አያነጥርም። ወገቤን የሚመታኝ ሞላው ነው።»

«አላሰብኩትም።»

«መጠየቅ ነዋ!»

«እርስዎስ መናገር ነዋ!»

ሁለቱም ሳቅ አመለጣቸው፤ ቶሎ ግን ሰበሰቡት፤ ኩርፊያው ገና አልወጣላቸውም ነበር።

ሜዳው ሲደርሱ አባቷ ከመቀመጫቸው ሆነው ከበያጁ በእግር የሚረገጥ ፓምፕ አስዋሷት። «የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ ጨምሪባቸው። ሲነፉ መሬቱን ለቀቅ ያደርጋሉ፤ ለዛሬ እሱ ይበቃናል። ስንመለስ ትቀንሽዋለሽ።» ሳምንቱን የአውቶብስ ፍሬን ሲረግጥ በከረመ እግሯ ፓምፑን ረገጠች። አንድ ኮን ገጨች፤ መሀል ላይ ወጣች።

ባሩን በሳምንቱ መለሱት፤ ጠንካራው ሞላ ግን በዚያው ቀረ። ሦስተኛ ዳግመኛ አልወጣችም። መጨረሻም አልሆነችም። አባቷ አሁን ጉብታ ላይ ይናገራሉ፤ «ይቺ ደህና ናት፣ ይቺኛዋ አመመችኝ» እያሉ መንገዱን ሁሉ ይዘልቁታል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያበዙታል።

አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ከሜዳው ሲመለሱ አባቷ መንገድ ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ግቢው ውስጥ አቁማ ሞተሩን አጠፋች። መቀስቀስ፣ እግራቸውን ማውጣት፣ ደግፎ ማስገባት፣ ልብስ መቀየር፣ ምሳ ማቅረብ ነበረባት። ነገ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ አውቶብስ አለ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገችላቸው፤ ወንበሯን ወደኋላ አጋደለችና እሷም ዓይኗን ጨፈነች።