ሐይቅ ጠባቂው ረዲ

ረዲ ይማም መርሳ አካባቢ የታወቀ ፈሪ ነበር። ውሻ ከጮኸ መንገድ ይቀይራል፤ የወታደር መኪና ድምፅ ከሰማ ማሽላ ውስጥ ይገባል። እንስቅበት ነበር። እኔ ሀብቴ ደግሞ ጓደኛው ስለሆንኩ ከሁሉም አብልጬ እስቅ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ብርሃኔ የሚባል ጤና ረዳት ከወልድያ መጥቶ ሰፈሩ የሚጠጣትን ትንሽ ሐይቅ የሚከታተሉ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ፈለገ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ረዲ ነው። ባለፈው ክረምት የሦስት ዓመት ልጁን ተቅማጥ ወስዶበት ነበር። እሱን ተከትዬ እኔም ገባሁ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ነጭ የብረት ሳህን በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ በየስንዝሩ ቋጠሮ አለው። ሳህኑ ወደ ውሃው ይለቀቅና ከዓይን ሲጠፋ ስንት ቋጠሮ እንደገባ ይቆጠራል። ከአምስት ካነሰ ውሃው ደፍርሷልና አፍልታችሁ ጠጡ ብለን በየቤቱ እንናገራለን። ረዲ ፊደል ስላልቆጠረ እሱ ይለቃል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቀናችን ዓርብ ነው፣ እሱ ከጁምዓ ሲመለስ።

በሚያዝያ ብርሃኔ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። እሱ በሄደ በሦስተኛው ዓርብ የቀበሌው ካድሬ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ሐይቁ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ሳህኑ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ከወዲያኛው ተራራ ታይቶ ኖሯል።

«ለወንበዴ ምልክት የምትሰጡት በዚህ ነው?» አለ። ደብተሩን ቀምቶ ገለጠው። ቀንና ቁጥር እንጂ ሌላ የለበትም። «ሰባት ማለት ሰባት ሰው ነው ወይስ ሰባት ጠመንጃ?»

በዚያን ጊዜ በዚህ ነገር የተጠረጠረ ሰው ከተወሰደ፣ ወዴት ገባ ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም።

«ጽሑፉ የማን ነው?»

የእኔ ነው። እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ።

«የኔ ነው ጌታው» አለ ረዲ። «ወላሂ የውሃ ቁጥር ነው። እሱ ገላውን ሊታጠብ ነው የመጣ።»

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«አዎ» አልኩ።

እጁን የፊጥኝ አስረው ከነሳህኑ ወሰዱት። ሚስቱ ቶይባ መጥታ «ምን ብሎ ሄደ?» ስትለኝ «እዚያ አልነበርኩም» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሐይቁን በሩቅ ማየት እንኳ ያስፈራኝ ጀመር። በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ክረምት ገባ። ጎርፉ ውሃውን ሽሮ አስመሰለው። ገመድና ሳህን ባይኖረኝም ዓይን ነበረኝ፤ አፍልታችሁ ጠጡ ማለት እችል ነበር። ማን ነገረህ ቢሉኝስ ብዬ ዝም አልኩ። የሁለት ቤት ልጆች ታመሙ፤ ከነሱ የጎረቤታችን የሽፈራው ትንሿ ልጅ አልተነሣችም።

ረዲ በታሰረ በሰባተኛው ወር ተፈታ። ከስቶ፣ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው፣ ቤቱ ሳይገባ እኔ ደጅ መጣ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ።

«ተወው ሀብቴ፤ እኔም ፈርቼ ነበር» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ክረምቱን ውሃውን ማን አየው?»

«ማንም» አልኩት። ስለ ሽፈራው ልጅም ነገርኩት።

እጁን ከትከሻዬ አነሳ። የደብተሩን ነገር እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። በውሃው ምክንያት ግን ዓመት ሙሉ አላናገረኝም።